ታናሹ ቸኩሎ ያስረክባል

ስሙኝማ! ዛሬ «ተረት ተረት» አልላችሁም። «የላም በረት» ብላችሁ ጅብና ቀበሮ ስትጠብቁ እኔ ማዕድን ይዤ እመጣባችኋለሁና። የዛሬው ትረካ የሁለት ወንድማማቾች ነው። ታላቁ ፕላቲነም ይባላል፣ ታናሹ ፓላዲየም። ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም ዝገት የማያውቃቸው፣ ሁለቱም ከወርቅ ጎን የሚመዘኑ ናቸው። ታላቁ መድኃኒት ሆኖ ዓለምን ዞሯል። ታናሹ ግን... ቆዩ፣ እንደርስበታለን። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ፤ ታሪኩ የሚበዛው በእነሱ አገር ነውና ስንደምርና ስንቀንስ እንዳይመሽብን።

የምንነሣው ግን ከዚሁ ከአማኑኤል ነው። የማያውቃት ካለ፣ አማኑኤል ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫና ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው አስፋልት የሚያልፍባት፣ የማቻከል ወረዳ መቀመጫ፣ ብርድ የማይለያት የደጋ ከተማ ናት። ከዚህ አገር አንዲት እናት ታመመች እንበል። ያለጊዜው ደም ይፈስሳታል፣ ወገቧን ይቆረጥማታል። መጀመሪያ ለማንም አትናገርም፤ የሴት ነገር ነው ብላ ትውጠዋለች። ከዚያ ጠበል ትጠመቃለች። ከዚያ አዋቂ ይጠየቅና ሥር ይማስላታል፣ ቅጠል ይቀጠቀጥላታል። ሲብስባት ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል። እዚያ አይተው ሪፈር ይጽፉላታል። የዓባይን በረሃ ወርዳ፣ ወጥታ፣ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ ጥቁር አንበሳ ትደርሳለች።

የማኅፀን በር ካንሰር ነው ይሏታል። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚበዛው እሱ ነው። ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ቦታ ስለነበር፣ ወረፋው ስንቱን ዘመድ አዲስ አበባ ላይ በኪራይ ቤት እንዳስከረመ ከዚህ አካባቢ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ተራዋ ሲደርስ ከጨረሩ ጎን በየሳምንቱ በደም ሥር የሚንጠባጠብ ነገር ይሰጣታል። ሲስፕላቲን ይሉታል። ከጨረር ጋር አብሮ ሲሰጥ በጨረር ብቻ ከሚገኘው የበለጠ ሕይወት እንደሚያተርፍ አምስት ጥናቶች አሳይተው፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም በ1999 ለሐኪሞች ሁሉ ማሳሰቢያ አውጥቷል።

እናቲቱ ጉሉኮሱን እያየች «ይህ ደግሞ ሥር ነው ቅጠል?» ብትል፣ መልሱ ሁለቱም አይደለም ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ማዕድን ነው። ታላቁ ወንድም፣ ፕላቲነም።

«ማዕድን ይጠጣል እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። በደም ሥር ነው የሚገባው። ብቻውንም አይገባም፤ ከሌሎች አተሞች ጋር ተያይዞ ነው። አንድ የማዕድን አተም መሃል ላይ ይሆንና ዙሪያውን ሌሎች አተሞች ወይም ሞለኪውሎች ይይዙታል። ኬሚስቶች ይህን ጥምረት «ኮምፕሌክስ» ይሉታል፤ ቃሉን ያዙልኝ፣ እንመለስበታለን።

አሁን ዓባይን በሌላ በኩል እንሻገር። ከጎጃም ደቡብ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ወለጋ አለ። በምዕራብ ወለጋ ዩብዶ የምትባል ቦታ አለች፤ ቢርቢር ወንዝ በዚያ ያልፋል። በ1920ዎቹ አልቤርቶ ፕራሶ የሚባል ጣሊያናዊ ማዕድን ፈላጊ ከዚያ ሰፈር አሸዋ ውስጥ የሚያብረቀርቅ፣ ከወርቅ ጋር የሚተካከል ክብደት ያለው፣ ግን ነጭ የሆነ ቅንጣት አገኘ። ፕላቲነም ነበር። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ኢትዮጵያ ፕላቲነም ከሚያወጡት ጥቂት አገሮች ተራ ገባች። የአገሩ ሰው አሸዋውን በገበቴ እያጠበ ያወጣው ነበር። የዩብዶን ቅንጣት ወስደው ቢመረምሩት አብዛኛው ፕላቲነም፣ ቀጥሎ ብረት፣ ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ የዘመዶቹ ስብስብ ነው። ከዘመዶቹ አንዱ ፓላዲየም ነው። እንግዲህ ሁለቱ ወንድማማቾች በእኛም አገር አንድ ቅንጣት ውስጥ አብረው ተኝተዋል ማለት ነው።

በነገራችን ላይ፣ ቢርቢር ወደ ባሮ ይገባል፣ ባሮ በሶባት አድርጎ ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል። ከጮቄ የሚወርደው የእኛ ወንዝ ደግሞ በጥቁር ዓባይ ይሄዳል። ካርቱም ላይ ይገናኛሉ። ይህ ለመድኃኒቱ ምንም አይጨምርም፤ ደስ ስለሚለኝ ነው የነገርኳችሁ።

በጠርሙሱ ውስጥ ያለው የዩብዶ ፕላቲነም ነው ማለቴም አይደለም። ዛሬ የዓለም ፕላቲነም አብዛኛው ከደቡብ አፍሪካ ነው የሚመጣው።

እሺ፣ ታናሹ መቼ ተወለደ? ለንደን እንሂድ። ዊልያም ሃይድ ዎላስተን የሚባል ሐኪም ነበር። በ1800 ሕክምናውን እርግፍ አድርጎ ተወና ከጓደኛው ከስሚትሰን ቴናንት ጋር ያልነጠረ ፕላቲነም ገዛ። ከደቡብ አሜሪካ ወንዞች የታጠበ ነው፤ ልክ እንደ ቢርቢሩ። ዓላማው ቀላል ነው፦ አጥርቶ መሸጥ፣ መክበር። ቅንጣቱን በሁለት ኃይለኛ አሲዶች ድብልቅ እያሟሟ፣ ፕላቲነሙን እያወጣ ሲሄድ፣ ከቀረው ፈሳሽ ውስጥ እንግዳ ነገር አየ። 1802 ነበር። በዚያው ዓመት ሰማይ ተመልካቾች ፓላስ የተባለች አዲስ ትንሽ ዓለም በማርስና በጁፒተር መካከል አግኝተው ስለነበር፣ ማዕድኑን በእሷ ስም ፓላዲየም አለው።

እዚህ ላይ ነው ሰውየው የሚገርመው። ሌላ ቢሆን ሮጦ ሄዶ «እኔ ነኝ ያገኘሁት!» ይል ነበር። ዎላስተን ግን ምሥጢሩን ቢያወጣ ሌሎች የንግድ መንገዱን እንዳይደርሱበት ፈራ። ዝም ብሎ እንዳይቀመጥ ደግሞ ሌላ ሰው ይቀድመዋል። ምን አደረገ መሰላችሁ? በ1803 ስሙን ሳይጽፍ «ፓላዲየም፣ ወይም አዲስ ብር» የምትል ወረቀት አሳትሞ በተነና፣ ማዕድኑን ለንደን ሶሆ በሚባል ሰፈር አንድ ሱቅ ውስጥ ለሽያጭ አስቀመጠው።

ሪቻርድ ቼኔቪክስ የሚባል አየርላንዳዊ ኬሚስት ወረቀቷን አንብቦ ተናደደ። አዲስ ማዕድን እንደ ሻማ በሱቅ ይሸጣል? ማጭበርበር ነው አለ። ያለውን ሁሉ ገዝቶ ወሰደና መረመረው፤ ከዚያም ሮያል ሶሳይቲ በሚባለው የሊቃውንት ማኅበር ፊት «ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ፕላቲነምና ሜርኩሪ ተቀላቅሎ የተሠራ ነው» ብሎ አስረዳ። አመኑት። በዚያው ዓመት የማኅበሩን ትልቁን ሜዳሊያ ተሸለመ! ዎላስተን ይህን ሁሉ እዚያው አጠገባቸው ሆኖ እየሰማ ትንፍሽ አላለም። አሁንም ስሙን ሳይጽፍ ሌላ ማስታወቂያ አወጣ፦ ፓላዲየምን ከሌላ ነገር ቀላቅሎ መሥራት ለሚችል 20 ፓውንድ። ማንም አልመጣም። በ1805 ብቅ ብሎ «ባለቤቱ እኔ ነኝ» አለ። የቼኔቪክስን ፊት ለማየት እንኳ እኔም ሃያ ፓውንድ እከፍል ነበር።

ታናሹ እንዲህ በድብብቆሽ ወደ ዓለም መጣ። ወደ ሰው ሆድ የገባው ደግሞ በሳንባ ነቀርሳ ሰበብ ነው። ለነቀርሳ እውነተኛ መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ሐኪሞች ያልሞከሩት ማዕድን አልነበረም። ፓላዲየም ክሎራይድ የሚባለውን ጨውም በቀን 65 ሚሊግራም እያሉ ያዝዙ ነበር። ጉዳቱ ከጥቅሙ በዛ። የተሻሉ መድኃኒቶች ሲመጡ ተረሳ። ይህን 65 ሚሊግራም ያዙልኝ፣ በኋላ እንመዝንበታለን።

ወደ ታላቁ ልመለስ፤ ያለ ታላቁ የታናሹ ነገር አይገባም።

ባርኔት ሮዘንበርግ የፊዚክስ ሰው ነበር፤ በአሜሪካ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ። ሕያው ሕዋስ ሲከፈል የሚያሳይ ሥዕል አየ። ማግኔት አጠገብ የተበተነ የብረት ብናኝ የሚሠራውን ቅርጽ መሰለው። «ሕዋስ ሲከፈል የኤሌክትሪክ ወይም የማግኔት ነገር ይኖርበት ይሆን?» ብሎ ኢ. ኮላይ የሚባሉትን ባክቴሪያዎች ማሰሮ ውስጥ አስገብቶ ኤሌክትሪክ ለቀቀባቸው። ኤሌክትሪኩ የሚገባበት ዘንግ ከፕላቲነም ነው የተሠራው፤ ፕላቲነም ምንም አይነካውም፣ ምንም አይነካም ተብሎ ስለሚታመን ነው የመረጠው። ባክቴሪያዎቹ መከፈል አቆሙ። አልሞቱም ግን፤ መርዘም ጀመሩ። አንዳንዱ ከተለመደው ቁመቱ እስከ 300 እጥፍ ተመዘዘ! አልከፈልም ብሎ ዝም ብሎ የሚረዝም ፍጥረት አስቡ።

ሮዘንበርግ ኤሌክትሪኩ ነው ብሎ አልተቀመጠም። አንድ በአንድ እያወጣ ፈተነ። በመጨረሻ ጥፋተኛው «ምንም አይነካም» የተባለው ዘንግ ሆኖ ተገኘ። ከፕላቲነሙ ጥቂት ሟሙቶ፣ ማሰሮው ውስጥ ከነበረው አሞኒየም ክሎራይድ ጋር ተያይዞ ኮምፕሌክስ ሆኗል። ይህን በ1965 አሳተመ። ኮምፕሌክሱ ራሱ አዲስ አልነበረም፤ ሚኬሌ ፔይሮኔ የሚባል ጣሊያናዊ በ1840ዎቹ ሠርቶት ከመቶ ዓመት በላይ ማንም ለመድኃኒት ሳያስበው ተቀምጧል። ሮዘንበርግ አሰበ፦ ባክቴሪያን መከፈል ከከለከለ፣ ያለ ልክ የሚከፈለውን ካንሰርስ? በ1969 በአይጦች ላይ ዕጢው እንደሚቀልጥ አሳወቀ። በ1978 አሜሪካ ፈቀደችው። ሎረንስ አይንሆርን የሚባል ሐኪም በ1974 ኢንዲያና ውስጥ በወንድ ፍሬ ካንሰር ላይ ሲሞክረው፣ ወደ ሳንባ ተሰራጭቶ ወጣቶችን ይቀጥፍ የነበረው በሽታ አብዛኛው የሚድንበት ሆነ።

አሁን አሠራሩን ስሙ፤ የታናሹ ዕጣ እዚህ ላይ ነው ያለው።

ሲስፕላቲን ማለት መሃሉ ላይ ፕላቲነም፣ ባንድ ወገን ሁለት አሞኒያ፣ በሌላው ወገን ሁለት ክሎራይድ ነው። አራቱም ጠፍጣፋ ሆነው በአራት ማዕዘን ተቀምጠዋል። ደም ጨዋማ ነው፤ ክሎራይድ ሞልቶታል። ስለዚህ ደም ውስጥ እያለ ክሎራይዶቹን አይለቅም። ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ግን ክሎራይድ በጣም ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ውኃ እየገባ ክሎራይዶቹን ይተካል፣ ፕላቲነሙም እጁ ነፃ ይሆንና ዲኤንኤውን በሁለት ቦታ ጨምድዶ ይይዛል። ዲኤንኤው ይጎብጣል። የጎበጠ ዲኤንኤ ያለው ሕዋስ መከፈል ያቅተዋል፣ ይሞታል። በዚህ መንገድ ላይ ኩላሊት ይጎዳል፣ ጆሮ ይደነቁራል፣ ማቅለሽለሹ የሚያስለቅስ ነው። በሽተኛዋ ከመድኃኒቱ በፊትና በኋላ ብዙ ፈሳሽ የሚሰጣት ኩላሊቷን ለማትረፍ ነው።

ኬሚስቶች ይህን እያዩ «ታናሹን ብንልክስ?» አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ፓላዲየም በማዕድናቱ ሠንጠረዥ ላይ ከፕላቲነም በላይ፣ በዚያው ዓምድ ውስጥ ነው። አራት ይይዛል፣ ጠፍጣፋ አራት ማዕዘን ይሠራል። ኮምፕሌክሱን አጠገብ ለአጠገብ ብታስቀምጧቸው መልካቸው አንድ ነው። ሠሩት፣ ሞከሩት። ካንሰሩን ምንም አላደረገውም።

ለምን? ታላቁና ታናሹ ከአማኑኤል ዕቃ ተሰጥቷቸው ጥቁር አንበሳ ለተኛ ሰው እንዲያደርሱ ተልከዋል እንበል። ታላቁ ቀርፋፋ ነው፤ ሰው በመንገድ «እስቲ አሳየኝ» ቢለው አይፈታም፣ ቋጠሮውን ባለቤቱ ደጅ ሲደርስ ነው የሚፈታው። ታናሹ ቸኳይና ለጋስ ነው። ደብረ ማርቆስ ሳይገባ ላገኘው ሁሉ አስረክቦ ጨርሷል። በቁጥር ሲነገር፣ ፓላዲየም የያዘውን ለቆ ሌላ የሚይዝበት ፍጥነት ከፕላቲነም በመቶ ሺህ እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ደም ውስጥ እንደገባ ክሎራይዶቹን ይለቃል፣ ያገኘው ፕሮቲን ላይ ሁሉ ይጣበቃል፣ ካንሰሩ ዘንድ የሚደርስ ነገር አይቀርለትም። ይባስ ብሎ ጎን ለጎን የነበሩት ሁለቱ አሞኒያዎች ተገልብጠው ፊት ለፊት ይሆናሉ፤ ያ ቅርጽ ደግሞ ፕላቲነም ላይ እንኳ ቢሆን የማይሠራ ቅርጽ ነው።

«ታዲያ እጁን ማሰር ነዋ!» አለ ከአድማጮቼ መካከል አንድ ባጃጅ ነጂ።

አንተ ልጅ፣ ኬሚስት መሆን ነበረብህ። ያደረጉት ይህንኑ ነው። በአሞኒያ ፈንታ በሁለት፣ በሦስት ቦታ ጥፍር አድርገው የሚይዙ ትላልቅ ሞለኪውሎች ሰጡት። እንዲህ የታሰሩ የፓላዲየም ኮምፕሌክሶች በዓለም ላብራቶሪዎች በየዓመቱ ይሠራሉ፤ በብርጭቆ ሳህን ላይ የካንሰር ሕዋስ ይገድላሉ፣ ባክቴሪያ ያጠፋሉ። በእኛም አገር፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ፣ የማዕድን ኮምፕሌክስ እየሠሩ በባክቴሪያ ላይ የሚፈትኑ የኬሚስትሪ ሰዎች አሉ፤ መዳብ፣ ኮባልት፣ ዚንክ ይበዛባቸዋል፣ ርካሽ ናቸውና። ደስ ይለኛል። ግን በሳህን ላይ የገደለ ሁሉ መድኃኒት ነው ከተባለ በረኪናም መድኃኒት ነው። ከሳህን እስከ ደም ሥር ያለው መንገድ ብዙዎቹን ያስቀራል፤ ሲስፕላቲንን የሚተካ የፓላዲየም መርፌ ዛሬም የለም።

ከሁሉም አጥብቆ ያሰረው ግን ከቅጠል የመጣ እጅ ነው። አዎ፣ ቅጠል! እዚያ የተቀመጡት እመይቴ፣ ለእርስዎ ነው ይህ፣ ቅድም ቅጠል ይሻላል ሲሉ ሰምቼዎታለሁ።

ቅጠልን የሚያለመልመው ክሎሮፊል ነው። መሃሉ ላይ የማግኒዚየም አተም አለ፤ አራት ናይትሮጂኖች ከአራት አቅጣጫ ቀለበት ሠርተው ይይዙታል። በብርሃን የሚኖሩ አንዳንድ ባክቴሪያዎችም የዚህ ዘመድ የሆነ ቀለም አላቸው። በእስራኤል ዋይዝማን ኢንስቲትዩት አቪግዶር ሸርዝና ዮራም ሳሎሞን የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት፣ አንዱ የዕፀዋት ሰው፣ አንዱ የሕያው አካል ሰው፣ የባክቴሪያውን ቀለም ወስደው ማግኒዚየሙን አወጡና በቦታው ፓላዲየም አስገቡ። ቀለበቱ ውስጥ የገባው ታናሽ መልቀቅ አልቻለም። ባይችልም ግድ የለም፤ ከዚህ በኋላ ሥራው ማስረከብ አይደለምና።

መድኃኒቱ ቱካድ ይባላል፤ ለወንዶች የፕሮስቴት ካንሰር ነው። በደም ሥር ይሰጣል። ፕሮስቴቱ ውስጥ ክር የሚያካክሉ የብርሃን ማስተላለፊያዎች ይገባሉ፣ ዓይን እምብዛም የማያየው ቀይ የሌዘር ብርሃን ለ22 ደቂቃ ገደማ ይበራል። ብርሃኑ የነካው መድኃኒት ከኦክስጅን ጋር ተጋጭቶ አጥፊ ሞለኪውሎችን ይፈጥራል፣ ዕጢውን የሚቀልቡት ደም ሥሮች ይዘጋሉ፣ ዕጢው ይራባል። ብርሃን ያልነካው ቦታ መድኃኒቱ ምንም ሳያደርግ በሰዓታት ውስጥ ከሰውነት ይወጣል። በሽተኛው ለጥቂት ጊዜ ከፀሐይና ከደማቅ መብራት መራቅ ብቻ ይኖርበታል።

በአውሮፓ አሥር አገሮች 413 ወንዶች ተመርምረዋል፤ ጥናቱን የመሩት የለንደኑ ማርክ ኤምበርተን ናቸው። ሁሉም ካንሰራቸው ገና ያልከፋ ነበር። ግማሾቹ ቱካድ ተሰጣቸው፣ ግማሾቹ በክትትል ብቻ ቆዩ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሽታው የገፋባቸው ቱካድ ከወሰዱት 28 በመቶ፣ ካልወሰዱት 58 በመቶ ሆኑ። ናሙና ሲወሰድ ካንሰር ያልተገኘባቸው ደግሞ 49 በመቶ በ14 በመቶ። የአውሮፓ ኅብረት በኅዳር 2017 ፈቀደው። አሜሪካስ? በየካቲት 2020 አማካሪ ኮሚቴ ተቀምጦ 13 ለ2 አልደገፈውም። ቀስ ብሎ የሚሄድ ካንሰር ያለበት ሰው በክትትል ብቻ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል፣ ታዲያ ይህን ሰው ማከም ለምን ይጠቅማል? የሚል ነው ጥያቄያቸው።

እኔ ለሁለቱም እፈርዳለሁ። ለእኛ ግን ክርክሩ ሩቅ ነው። ቱካድ የሚፈልገው ካንሰሩ ገና ትንሽ ሳለ የተገኘበትን ወንድ ነው። የእኛ አገር ወንድ ሽንት አልወርድ ብሎት፣ አጥንቱን ነክሶት ነው ሐኪም ፊት የሚቀርበው። ብርሃኑ ቢመጣም በሽተኛው አምልጦታል።

ታናሹ በሌላ በርም ፕሮስቴት ውስጥ ይገባል፤ ይኸኛው ኮምፕሌክስ አይደለም፣ በጨረሩ ነው የሚሠራው። ፓላዲየም-103 የሚባል ጨረር የሚሰጥ ዓይነቱ፣ ሩዝ በምታክል የቲታኒየም ቅርፊት ታሽጎ በደርዘን የሚቆጠሩ ፍሬዎች በመርፌ ዕጢው ውስጥ ይቀራሉ። ኃይሉ በየ17 ቀኑ በግማሽ ይቀንሳል፣ በወራት ውስጥ ይጠፋል፣ ፍሬዎቹ ግን እዚያው ለዘለዓለም ይቀመጣሉ። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ይሠራበታል። ሳጥን ውስጥ ተዘግቷልና ለማንም የሚያስረክበው የለም።

«እኔ ደግሞ የግፊት ኪኒን ነው የምውጠው፤ የእኔ ውስጥ የለም ይህ ነገርህ?» አሉ ጥግ የተቀመጡት አባት።

ሎሳርታን ነው የሚወስዱት፣ አባቴ? እንግዲያው የታናሹ እጅ ሊኖርበት ይችላል፤ እሱ ራሱ ግን የለበትም። ሎሳርታን ሲሠራ ሁለት የካርቦን ቀለበቶች መጋጠም አለባቸው፤ ካርቦንን ከካርቦን ማጋጠም ደግሞ አስቸጋሪ ነው። ፓላዲየም ሁለቱንም ይይዛል፣ ያገናኛቸዋል፣ ይለቃቸዋል፣ ወደሚቀጥሉት ይሄዳል። ይህን ያሳዩት ሪቻርድ ሄክ፣ ኤይ-ኢቺ ነጊሺና አኪራ ሱዙኪ በ2010 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል። አያችሁ፣ ደም ውስጥ ያዋረደው ያ ችኮላ ፋብሪካ ውስጥ አስከበረው! ሥራው ሲያልቅ ይታጠባል፤ በአፍ በሚወሰድ መድኃኒት ውስጥ በቀን ከ100 ማይክሮግራም በላይ ፓላዲየም እንዳይገባ ዓለም አቀፍ መመሪያ አለ። ያ የነቀርሳው 65 ሚሊግራም ትዝ ይላችኋል? ከግማሽ የሚበልጠው ራሱ ፓላዲየም ነው። ዛሬ እንዳይታለፍ የሚጠበቀውን መጠን የጥንት ሐኪም በብዙ መቶ እጥፍ እያበዛ ይሰጥ ነበር።

የፓላዲየምን ዋጋ ለምትጠይቁኝ፦ ከ2019 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ከወርቅ በልጦ ነበር፣ ኋላ ወረደ። ያስወደደው መድኃኒት አይደለም፣ የቤንዚን መኪና ጭስ ማጣሪያ ነው፤ ከዓለም ፓላዲየም አብዛኛው እዚያ ነው የሚገባው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። በስኮትላንድ፣ ኤዲንብራ፣ ማርክ ብራድሊና አሲየር ኡንሲቲ-ብሮሴታ የሚባሉ ሰዎች ከሌሎች ጋር ሆነው በ2011 ሌላ ሐሳብ አመጡ። ይህ ልጅ ለመልእክት የማይሆን ከሆነ አትላኩት፤ አንድ ቦታ አስቀምጡትና እዚያ ይሥራ አሉ። የፋብሪካውን ሥራ፣ ማጋጠሙንና መፍታቱን፣ ሕያው ሕዋስ ውስጥ አሠሩት። በ2014 ደግሞ የኡንሲቲ-ብሮሴታ ቡድን ፓላዲየም ያለባቸው ጥቃቅን የፕላስቲክ ዶቃዎች ሠራ፤ ዶቃው ከቦታው አይንቀሳቀስም። ከዚያ ፋይቭ-ኤፍዩ የሚባለውን የታወቀ የካንሰር መድኃኒት ወስደው አንድ ትንሽ ሞለኪውል በላዩ ሰኩበትና እንዳይሠራ አደረጉት። የተሰካበት መድኃኒት ሕዋስን አይጎዳም። ፓላዲየሙ አጠገብ ሲደርስ ግን ታናሹ እንደ ልማዱ ቸኩሎ ያንን ስክ ይፈታዋል፣ መድኃኒቱ እዚያው ላይ ይነቃል፣ የካንሰር ሕዋሱ ይሞታል። ሐሳቡ ዶቃውን ዕጢው ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ ከዚያ የተቆለፈው መድኃኒት በመላ ሰውነት ቢዞር ጉዳት የለውም፣ የሚከፈተው ዶቃው ያለበት ብቻ ነውና። ፀጉር አይረግፍ፣ አንጀት አይቆስል።

«እና በሰው ላይ ሠራ?» አለችኝ እስካሁን ዝም ብላ ጥጥ ትፈትል የነበረችው።

በሳህን ላይ በካንሰር ሕዋሳት ሠርቷል። ዶቃዎቹን ደግሞ ዚብራፊሽ በምትባል ጣት የማታህል ዓሣ ሽል ውስጥ አስቀምጠው፣ ሽሏ ሳትጎዳ ፓላዲየሙ ሥራውን ሲሠራ አይተዋል።

«ዓሣ!» አለችና እንዝርቷን አሾረችው።